ሰነፉ ሰውዬው ነው ወይስ ክፍሉ?

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ወንበር አጥቶ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ልብስ ተከምሮበታል። የተከራያት ሰርቪስ ቤት አንዲት ክፍል ናት። ማደሪያውም፣ ማብሰያውም፣ እንግዳ መቀበያውም፣ ማጥኛውም እሷው ናት። የመመረቂያ ጽሑፉን ሦስተኛ ምዕራፍ “ልጀምር ነው” ማለት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ከአማካሪው የመጣ ኢሜይል አለ፤ አልከፈተውም።

“ቴሌግራም አንዴ ልይና እገባበታለሁ” ይላል። ሦስት ሰዓት ይሆናል። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ባትሪ ይጨርስና ቻርጀር ላይ ይሰካል፤ እሱም ስልኩን ተከትሎ ሶኬቱ ወዳለበት ግድግዳ ይጠጋል። አምስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ይዘጋል። “ነገ በጠዋት ተነሥቼ” ብሎ ይተኛል። ከመተኛቱ በፊት ግን አንድ ነገር ለራሱ ይነግረዋል፦ “እኔ ሰነፍ ነኝ።”

ለዚህ ሰው ስም መስጠት አያስፈልግም። አንባቢ የሚያውቀውን ሰው ያስቀምጥበት።

ቅዳሜ ጠዋት ይኸው ሰው ላፕቶፑን ይዞ አራት ኪሎ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አንድ ወንበር ይይዛል። በቀኙ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ጥያቄ ትሠራለች። በግራው አንድ ጎልማሳ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሯል። ሰውዬው ስልኩን ሁለት ጊዜ ያወጣል፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጅቷ ያየችው መስሎት መልሶ ይከተዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ቀና ሲል አራት ገጽ ጽፏል።

ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው። ጭንቅላቱ አልተቀየረም፣ ዲሲፕሊን የሚባል መድኃኒት አልወሰደም፣ የማነቃቂያ ንግግርም አልሰማም። የተለወጠው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ታዲያ ማክሰኞ ማታ ሰነፍ የነበረው ማን ነው?

ቃሉ ራሱ ያሳስተናል

በአማርኛ “ሰነፍ” የምትለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክማለች። ሥራ የሚጠላው ሰነፍ ነው። በፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውም “ሰነፍ ተማሪ” ነው። በድሮው የመጽሐፍ አማርኛ ደግሞ ሰነፍ ማለት ማስተዋል የጎደለው ሰው ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ ማጥናት ሲያቅተው ማንም “ለምን አቃተው? የት ተቀምጦ? ከማን ጋር?” ብሎ አይጠይቅም። ስሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስሙ ከወጣለት በኋላ ደግሞ ምርመራው ይቆማል፤ ሰነፍ ነው፣ በቃ።

አባቶች ግን ሌላውንም ወገን ያውቁት ነበር። “ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች” ሲሉ ጊደሯን ብቻ አልወቀሱም፤ የዋለችበትን ጠይቀዋል። ሰው የሚውልበትን ይመስላል ማለታቸው ነው። ይህን ተረት ልጆችን ከመጥፎ ጓደኛ ለማራቅ እንጠቀምበታለን እንጂ ለራሳችን ሥራ አንጠቀምበትም። ዛሬ ነገ እያለ የሚቸገር ሰው ጊደሯን ይደበድባል፤ በረቱን አያይም።

የቆሎ ተማሪው ለምን አገሩን ጥሎ ይሄዳል?

የአብነት ትምህርት ቤትን አሠራር በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ከቤቱ ርቆ ይሄዳል። እናቱ ጋ ሆኖ ቢማር ምግቡም እንቅልፉም ይመቸው ነበር። ነገር ግን እናት ቤት ከብት አለ፣ እርሻ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ሠርግና ለቅሶ አለ። ልጁ ከዚያ ሁሉ ተነቅሎ በደብሩ ዙሪያ ከተቀለሱት ትንንሽ ጎጆዎች በአንዷ ውስጥ ይገባል። እዚያ በግራም በቀኝም የሚሰማው የሚያነበንብ ሰው ድምፅ ነው። ሁሉም እያጠና አንዱ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ዝምታው ይሰማል።

የቅኔ ቤቱ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። የቅኔ ተማሪ የሚውልበት ቦታ እንደ ሥራው ይለያያል። ለቅኔ ቆጠራ ጊዜ ብቻውን ይወጣል፤ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ዳር ተቀምጦ ቃሉን ያወጣል ያወርዳል። ሐሳብ መፍጠር ብቸኝነት እንደሚፈልግ መምህራኑ ያውቃሉ። ሆኖም ብቻውን እንዲቀር አይተዉትም። ነገራ አለ፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ መምህሩ ያርማሉ፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ስለዚህ ዛፉ ሥር ሲተኛ የሚውል ተማሪ ሲመሽ ባዶ አፉን ይቀርባል። በአንድ ቀን ውስጥ ጸጥታም አለ፣ ጠያቂም አለ። ዛሬ “ምርታማነት” እያሉ በሺህ ብር ሥልጠና የሚሰጡት ሰዎች የሚሸጡት ብዙው ነገር በዚህ ውስጥ አለ።

በወሎ የእስልምና ማዕከላትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ደረሳው ቀዬውን ለቆ ሸኹ ያሉበት ድረስ ይጓዛል፤ ኪታቡን ከሌሎች ደረሶች ጋር ይቀራል፣ አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ያድራል። ሃይማኖቱ ይለያያል፤ ስለ ሰው ልጅ የተደረሰበት ግንዛቤ ግን አንድ ነው፦ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ፈቃድን የሚሸከም ቦታ ያስፈልጋል።

ገበሬውም ይህን ያውቃል። ብቻውን ሲያየው የሚሰለቸውን ማሳ በደቦ በአንድ ቀን ያጭደዋል። የእጅ ብዛት ብቻ አይደለም የረዳው። ሰው ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ቀኑ ተቆርጧል፤ ከእንግዲህ “ነገ” ማለት አይቻልም። እቁብም እንዲሁ ነው። በኪሱ መቶ ብር ማሳደር የማይችል ሰው የእቁብ ቀኑን አያጓድልም። ሰውዬው ሐሙስ ዕለት በድንገት ቆጣቢ ሆኖ አይደለም፤ ዳኛና ጸሐፊ ስላለ፣ ባልንጀሮቹ ስለሚያዩት፣ ቀኑም የታወቀ ስለሆነ ነው።

ሯጮቹ ብቻቸውን አይሮጡም

በአርሲ ያለችው በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። ከእሷና ከአካባቢዋ ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ስለ ከፍታዋና ስለ አየሯ ብዙ ተብሏል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ተመሳሳይ ከፍታ ያላቸው፣ አንድም የኦሊምፒክ ሯጭ ያላወጡ ብዙ የደጋ ከተሞች አሉን። በበቆጂ ከአየሩ ሌላ የነበረው ሰው ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ በማለዳ ተሰብስቦ የሚሮጥ የልጆች ቡድን ነበር። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች በኋላ ደግሞ “ከዚህ መንደር ወጥቶ ይቻላል” የሚያሰኝ ሕያው ምሳሌ ተጨመረ። እዚያ ከተማ ውስጥ ማለዳ ተነሥቶ መሮጥ የጀግና ውሳኔ አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው።

ስኮትላንዳዊ ባልሆነ አገር እንዲህ ያለውን የቡድን ሩጫ ባህል ለማጥናት ከዩናይትድ ኪንግደም ተነሥቶ አዲስ አበባ የመጣ ማይክል ክሮውሊ የሚባል አንትሮፖሎጂስት አለ። ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ፣ አብሯቸው ሮጦ መጽሐፍ ጽፏል። ከታዘባቸው ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያ ሯጮች ብቻን መሮጥን እንደ ቁም ነገር ልምምድ አለመቁጠራቸው ነው። ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ይሮጣል፤ መለወጥ የሚፈልግ ግን ከሰው እግር ኋላ ገብቶ መሮጥ አለበት። ሌላው ትዝብቱ ሯጮቹ ለቦታ የሚሰጡት ክብደት ነው። እንጦጦ ለአንድ ዓይነት ልምምድ፣ ሰንዳፋ ለሌላ ዓይነት፤ ቦታው ሥራውን ያግዛል ብለው ስለሚያምኑ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው ይሄዳሉ። በዓለም ላይ ጠንካራ ፈቃድ ካላቸው ሰዎች የሚቆጠሩት እነዚህ ሯጮች በፈቃዳቸው ብቻ አይተማመኑም። እኛ ግን አልጋ ላይ ተቀምጠን በፈቃዳችን እንተማመናለን።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

አርሚን ፋልክና አንድሪያ ኢቺኖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ወጣት ተማሪዎች ወረቀት እያጠፉ ፖስታ ውስጥ እንዲከቱ ተቀጠሩ። ክፍያው ቁርጥ ነበር፤ ብዙም ሠሩ ጥቂት የሚያገኙት ያው ነው። ከፊሎቹ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ሠሩ፤ ከፊሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ክፍል፣ እያንዳንዱ የየራሱን ሠራ። አብረው የተቀመጡት 16 በመቶ ገደማ በልጠው ተገኙ። አልተረዳዱም፣ አልተወዳደሩም፣ ተጨማሪ ሳንቲም አልተከፈላቸውም። ሌላ ሰው እየሠራ ማየታቸው ብቻ በቃ።

አሌክሳንደር ማስና ኤንሪኮ ሞሬቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የሱፐርማርኬት ካሸሮችን አጥንተዋል። ፈጣን ሠራተኛ ፈረቃ ላይ ስትገባ ሌሎቹም ይፈጥናሉ። ደስ የሚለው ዝርዝሩ ነው፦ የሚፈጥኑት ፈጣኗን የሚያዩት አይደሉም፤ ፈጣኗ ከኋላ ሆና የምታያቸው ናቸው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስልኩን መልሶ የከተተው ሰው የሆነው ይኸው ነው። ልጅቷ ምንም አላለችውም። ያየችው እንደሆነም አይታወቅም። መታየት እንደሚችል ማወቁ በቃው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ከቬትናም ጦርነት የመጣው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬትናም ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል የሄሮይን ሱሰኛ እንደነበረ ታወቀ። አገሩ ደነገጠ፤ ይህ ሁሉ ሰው ሲመለስ ምን ሊሆን ነው? ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስ ከተመለሱ በኋላ ተከታትላ ያገኘችው ማንም ያልጠበቀውን ነው። ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም ሱስ ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ፣ ፍርሃቱ፣ በርካሽ የሚገኘው ሄሮይን፣ አብረው የሚወስዱት ጓደኞች ሁሉ እዚያው ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር ብዙው ልማድ ቀረ። ሄሮይንን የሚያህል ነገር ከቦታው ጋር እንዲህ የተቆራኘ ከሆነ፣ አልጋ ላይ ቲክቶክ የማየት ልማድ ከአልጋው ጋር አልተቆራኘም ማለት አይቻልም።

“በኩራዝ አጥንቶ ያለፈስ?”

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በኩራዝ ብርሃን አጥንቶ ዶክተር የሆነ አለ። በመንገድ መብራት ሥር ተቀምጦ ማትሪክ ያለፈ አለ። እነርሱ ቦታ ሳይመቻቸው ካለፉ ሌላው ምን ምክንያት አለው?

የመጀመሪያው መልስ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚወራው እንግዳ ነገር ስለሆነ ነው የሚል ነው። በዚያው ኩራዝ ሥር አጥንተው የወደቁትን ማንም አይተርክላቸውም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ታሪኩን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። በመንገድ መብራት ሥር ያጠናው ልጅ ከቤቱ ወጥቷል! ጫጫታ ያለበትን፣ ሥራ የሚታዘዝበትን፣ ጨለማ የሆነውን ቤት ትቶ ብርሃን ወዳለበት ሄዷል። ይህ አካባቢ ለውጥ አያመጣም የሚል ታሪክ አይደለም፤ አካባቢውን በራሱ እግር የለወጠ ልጅ ታሪክ ነው።

እርግጥ ነው፣ ቦታ አስማት አይደለም። ካፌ ገብቶ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሦስት ሰዓት ስልክ ሲነካካ የሚውል ሞልቷል። “ጠረጴዛዬን ሳላስተካክል አልጀምርም” የሚል ሰው ጠረጴዛ በማስተካከል ዓመት ሊጨርስ ይችላል፤ ይህ ራሱ የታወቀ የሥራ መሸሻ ነው። ሥራን ማስተላለፍ ብዙ ጊዜ ከስንፍና ይልቅ ከፍርሃት ይወለዳል። ሰው የሚሸሸው ሥራውን ሳይሆን ሥራው የሚያመጣበትን ስሜት ነው፦ አለመቻልን፣ መተቸትን፣ ማፈርን። ያ ያልተከፈተ ኢሜይል ለዚህ ምስክር ነው። ክፍል መቀየር ፍርሃትን አያጠፋም። የሚያደርገው ነገር ፍርሃት የሚደበቅባቸውን ጉድጓዶች መቀነስ ነው።

ጉዳዩ የግል ብቻ አይደለም

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። ያኔ የተባለውን ሁሉም ያስታውሰዋል፦ “ትውልዱ ሰነፈ፣ ስልክ በላው።” ለውጤቱ ብዙ ምክንያት አለ፤ የመምህራን እጥረት፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ፣ ለዓመታት የተንከባለለ ኩረጃ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን እምብዛም ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ተማሪ የት ተቀምጦ ነው የሚያጠናው?

አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ትኖራለች እንበል። አባት “አጥኚ እንጂ!” ይላል፤ ቴሌቪዥኑን ግን አያጠፋም። ደብተሯን ስትከፍት “እስቲ ቡናውን አፍዪው” ትባላለች። ቡናው ሲያልቅ “ሲኒውን እጠቢ”፤ ሲኒው ሲታጠብ “ሊጡን እዪው”። ወንድሟ ቢያንስ ወጥቶ ጓደኛው ቤት ሊያጠና ይችላል፤ እሷ ከመሸ መውጣት አትችልም። አራት ሰዓት ላይ ቤቱ ጸጥ ሲል ዓይኗ ይከደናል። ውጤቱ ሲመጣ “ሰነፍ” ትባላለች። ይህች ልጅ ሰነፍ ከሆነች በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ በላይ የሠራ ማን ነው?

በእነዚያ ዓመታት ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው መታየታቸው በአጋጣሚ አይደለም። እውነት ነው፣ መጀመሪያውኑ ጎበዝ ጎበዙን መርጠው ያስገባሉ፤ ስለዚህ ድሉ ሁሉ የቦታው ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የተመረጠውን ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጉት ማየት ይገባል፦ የጥናት ሰዓት ሰጡት፣ መብራት ሰጡት፣ የሚያጠና ጓደኛ ሰጡት፣ ውሃ ቅዳ የሚለውን ድምፅ አራቁለት። የአብነት ትምህርት ቤቱ ለዘመናት ሲያደርግ የኖረውን አደረጉ።

ለሁሉም ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት መሥራት አይቻልም። ግን በየሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ ወንበር አለው፣ ጥቁር ሰሌዳ አለው፣ ማታ ማታ ግን ተቆልፎ ያድራል። ሁለት ክፍል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ቢሆን የሚጠይቀው አምፖል፣ ጥበቃና አንድ ተረኛ መምህር ነው። የወረዳ አዳራሾች ስብሰባ በሌለበት ቀን ባዶ ናቸው። አብርሆትን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት መገንባቱ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ከአያት ወይም ከጀሞ ሁለት ታክሲ ይዞ ለሚመጣ ልጅ ሩቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው ደግሞ የለም ማለት ነው። ትልቁን ቤተ መጻሕፍት ያደነቀ ሰው ትንንሾቹንም መጠየቅ አለበት።

ወላጅ ደግሞ በጀት አያስፈልገውም። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቴሌቪዥን ማጥፋት ነፃ ነው። ልጅቷ ደብተር ከያዘች አለመላክ ነፃ ነው። አባትም እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ የሆነ ነገር ቢያነብ ከመቶ “አጥኚ” ይበልጣል።

ሰውዬው ምን ያድርግ?

ወደ ሰርቪስ ቤቱ እንመለስ። ሁልጊዜ አራት ኪሎ መሄድ አይችልም፤ ሥራ አለው። ግን ክፍሏም ብትሆን ጥቂት ልትለወጥ ትችላለች። ወንበሩ ላይ የተከመረውን ልብስ ማንሣት ይችላል፤ አልጋው ለእንቅልፍ፣ ወንበሩ ለጽሑፍ ይሁን። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ ለጎረቤት መስጠት ይችላል፤ አሳፋሪ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ሌሊት ከመተኛቱ በፊት ላፕቶፑን ሲዘጋ ነገ የሚጀምርባትን አንዲት ዓረፍተ ነገር በጅምር ትቶ መዝጋት ይችላል፤ ባዶ ገጽ የሚያስፈራውን ያህል በጅምር የቀረ ዓረፍተ ነገር አያስፈራም።

ከሁሉም በላይ ሰው ያስፈልገዋል። እንደ እሱ ጽሑፍ የተንጠለጠለባቸው ሁለት የክፍል ጓደኞች አይጠፉም። የገጽ እቁብ ይጣሉ፦ በየቅዳሜው እያንዳንዱ ሦስት ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ያልያዘ የቡና ይከፍላል። ቆጠራው በየቤት፣ ነገራው ቅዳሜ። መምህር ባይኖርም ባዶ አፍ መቅረብ ያሳፍራል፤ ያቺ ትንሽ ሐፍረት ደግሞ ከትልቅ መሐላ ትበልጣለች።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አራተኛውን ገጽ እንደጨረሰ፣ ሰውዬው ከቤተ መጻሕፍቱ ሳይወጣ አንድ ነገር አደረገ። ሁለት ወር የፈራውን ኢሜይል ከፈተው። ሦስት መስመር ነበር። አማካሪው ሁለት ቦታ እንዲያስተካክል ጠይቀው “ቀጥል፣ ጥሩ ነው” ብለውታል።

ማክሰኞም ቢከፍተው ኖሮ ያው ሦስት መስመር ነበር። ማክሰኞ ግን አልጋ ላይ ነበር።